የአቧራ ወተት

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ስለሚጠጣው ወተት መጻፍ ለአንባቢ ምን ይጠቅማል እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ነገር ግን ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ፣ በጂኦሎጂ ክፍል መምህሩ ድንጋይ በውኃ እያራሰ ሲቆርጥ የሸተተኝ ሽታ በሰው አገር፣ ሜስኪት ከተማ ወዳለው አፓርታማችን መለሰኝና አባቴ በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ።

አባቴ ለኩሽና የሚሆን ድንጋይ የሚቆረጥበት ሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። በሰመር ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ ነጭ ሆኖ ይገባና፣ ከኪሱ ስባሪ አውጥቶ «እንቺ፣ የሀብታም ኩሽና!» እያለ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም አጥቤ መስኮቱ ላይ እደረድረው ነበር። ማዕድን ማለት ተፈጥሮ የሠራችው፣ ውስጡ በሥርዓት የተደረደረ ጠጣር ነገር እንደሆነ አሁን ተምሬያለሁ። ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ትኩስ ውኃ በዐለት ስንጥቅ ሲያልፍ ይፈጠራል፤ መስታወትም ሰዓትም ይሠራበታል። አባቴ የሚቆርጠው ግን ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ኳርትዝ ነበር፤ መጋዝ ሲነካው ተመልሶ ዱቄት ይሆናል፣ የላመውን ዱቄት ደግሞ ዓይን አያየውም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባቴን ሳል ያዘው። አቧራ እንዳይነሳ መጋዙ ላይ ውኃ የሚረጨው ቧንቧ ከተበላሸ ቆይቶ ስለነበር አባቴና የሥራ ጓደኞቹ የሾፑን ባለቤት ቧንቧና ደህና ማስክ ሊጠይቁት ሲመካከሩ፣ ከመካከላቸው ጋሽ ታደለ ቤታችን ተቀምጦ ሳቀባቸው።

«ማስክ ምን ያደርጋል? አቧራ የሚያወርደው ወተት ነው። አገር ቤት ሲሚንቶ ፋብሪካ እያለሁ በየቀኑ ያጠጡን ነበር።»

«አንተ ጥጃ! ሰበብ ነው ያጣኸው» አለው አባቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እናቴ ብርጭቆውን ሞልታ ትጠብቀው ነበር። ባለቤቱም ወሬውን ሰምቶ የሾፑን ፍሪጅ በወተት ሞላው፤ ቧንቧውም ማስኩም በዚያው ቀሩ። ሠራተኞቹ «ደግ ሰው ነው» ይሉት ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ወተት አይቀምስም ነበር፤ ሳሉ ሲብስበትም እናቴ ጾሙን ትወቅስ ነበር።

«ለንስሐ አባትህ ኮል ላድርግና ላስፈቅድልህ?»

«ለአቧራ ብዬ ጾሜን አልሽርም፣ ተይኝ!»

ስለዚህ በየዓመቱ ፋሲካን እንደ መድኃኒት እንጠብቀው ነበር።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል፣ በክረምቱ ብርድ፣ ደረጃ መውጣት አቃተውና ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ የድንጋዩ ዱቄት ሳንባውን እንደ ድንጋይ እንዳደረቀውና ዳግም እንደማይወጣ ነገረችን።

«ወተቱስ?» አለኝ አባቴ፣ «ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኳት። የሚጠጣ ወደ ሆድ፣ የሚተነፈስ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ በትሕትና አስረዳችኝና፣ እኔም ለሁለቱ ተረጎምኩላቸው። እናቴ መሬት መሬት አየች። ቤት ስንገባ ግን እንደ ልማዷ ቀዳችለት፤ እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ ጨለጠውና «ቀለል አለኝ» አላት።

ልጅ ሳለሁ ምስማር የማይጭረው ድንጋይ ስላለኝ እኮራ ነበር። አሁን ያ ጥንካሬ የት ገብቶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ስባሪዎቹ ግን ዛሬም መስኮቱ ላይ ያበራሉ፣ ሾፑም እንደተከፈተ ነው። አባቴ የመጨረሻ ጾሙን ጨርሶ፣ እናቴ ከያዘችለት ብርጭቆ አንዴ ተጎንጭቶ፣ «ቀለል አለኝ» ሊላት አፉን ከፍቶ ትንፋሽ አጥሮት ያረፈው የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።