እህቴን የከለከልኳት ውሃ

ዛሬ ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ለታመመ ሕፃን በማንኪያ ውሃ ስታጠጣ አየሁ። ግድግዳው ላይ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቶሎ ቶሎ ፈሳሽ ይጠጣ» ይላል። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ባልማር ይሻለኝ ነበር።

ያኔ በልጅነቴ ከአቃቂ ወንዝ ቀድተን ነበር የምንጠጣው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ጀርም በዓይን እንደማይታይ ማን ነግሮን። ታናሽ እህቴን ተቅማጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ አልወጣትም።

«ጋሼ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» አለችኝ።

በጣሳ ቀድቼ ላጠጣት ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ልትገድላት ነው እንዴ? ከላይ በጨመርክ ቁጥር እኮ ነው ከታች የሚወርደው። ተዋት፣ ሆዷ ይድረቅላት።»

ክፉ ሴት አይደለችም፤ የራሷንም ልጆች ያስታመመችው እንዲሁ ነው። ውሃውን ወደ እንስራው መለስኩት። እህቴ ጣሳውን በዓይኗ ተከተለችው። ሳይመሽ ሞተች።

አክስቴ አርጅታ ዛሬም አለች። «እስከ መጨረሻዋ ከጎኗ አልተነሳሁም» እያለች ለሰው ታወራለች። ማንበብ መቻሌን ታውቃለች፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አልነገርኳትም።