ከፊልሙ የተቆረጠው ፊት

አባቴ ከሠራቸው ፊልሞች በደህና የቆየው «የጥቅምት መርከብ» ነው። መሃሉ ላይ አንዲት መበለት ለሟች ባሏ ፎቶ ልትሰግድ ትንበረከካለች። ዐይኗን ቀና ስታደርግ ፊልሙ ይዘልልና በሩ ጋ ቆማ እናያታለን። ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። እኔ የምሠራበት የፊልም ማኅደር በፊልሙ መመዝገቢያ ካርድ ላይ «ጉድለት አለው፤ ምክንያቱ አይታወቅም» ይላል። ምክንያቱ ይታወቃል። አባቴ ጉ ቴሶፕ ባለፈው የካቲት ስላረፈ አሁን ልጽፈው እችላለሁ።

የወደብ ከተማዋ የጉንሳን ልጅ ነው። እናቱ ወደብ ላይ ዓሣ እያደረቀች ሁለት ወንድ ልጆች ብቻዋን አሳደገች። በሰሜንና በደቡብ ጦርነት የመጀመሪያ ሐምሌ ታላቁን ቴሁንን የሰሜን ወታደሮች ከቤት ወሰዱት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። በበዓል ቀን ለሙታን ማዕድ ሲቀርብ አያቴ የእሱን ስም ማንም እንዳያነሳ ከለከለች። ማዕዱ ለሞተ ሰው ነው፤ የእሷ ልጅ መንገድ ላይ ነው።

አባቴ ሴኡል ሄዶ ቹንግሙሮ፣ የፊልም ሰዎች ሠፈር፣ መብራት ተሸካሚ ሆኖ ጀመረ። ቀስ በቀስ ስክሪፕት መጻፍ፣ ከዚያም ፊልም መምራት ጀመረ። «የጥቅምት መርከብ» እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቀረጽ የመበለቷ ባል የሚታየው የሟች ምልክት የሆነ ጥቁር ሪባን በተሻገረበት ፎቶ ብቻ ነበር። ለዚያ ፎቶ ፊቱን የሚሰጥ ግን ታጣ። በእኛ ዘንድ በቁሙ እዚያ ፍሬም ውስጥ የሚገባ ሰው ሞትን የጠራ ይመስለዋል።

«ዳይሬክተር፣ ከገደል ዝለል ብትለኝ እዘልላለሁ» አለው አንዱ ተዋናይ። «ይሄን ግን ሌላ ሰው ፈልግ።»

«እኔን አድርጉኝ» አለ ካሜራማኑ። «ሚስቴ ደስ ይላታል።»

«ላንተማ እንዲህ የምታለቅስ ሴት አትገኝም» አለችው መበለቷን የምትጫወተው ተዋናይት።

አባቴ ቦርሳውን ከፈተ። በትልቁ ላሳትመው ብሎ ከእናቱ የወሰደው የቴሁን ፎቶ እዚያ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ሌላ የቴሁን ፎቶ አልነበረም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቆንጆ ነበር፤ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነው» አለኝ።

ሰው አየው። ፊልሙ ጉንሳን በገባ በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት የለቅሶ ገንዘብ በነጭ ፖስታ ይዛ አያቴ ደጅ ቆመች።

«የቴሁን እናት፣ ምነው? እኛ ባዳ ነን? መርዶው መቼ መጣ?»

አያቴ ፖስታውን ሳትቀበል ሲኒማ ቤት ገብታ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየች። አባቴን አስጠራችው፤ ግን አልጮኸችበትም።

«መቃብሩን ሳላይ ቀበርክልኝ» አለችው። «እንግዲህ የቀበርክበት ሂድና አውጣው።»

ፎቶውን መለሰላት። ሪባኑን የለጠፈው ሰው ሙጫ አብዝቶበት ኖሮ አያቴ ስትስበው የፎቶው ገጽ አብሮ ተነሣ። ከግንባሩ እስከ አፉ ነጭ ሆኖ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አጠፈችው፣ ፈታችው።

አባቴ መቀስ ይዞ ወጣ። የፊልሙ ቅጂዎች በየክፍለ ሀገሩ ይዞሩ ስለነበር ከከተማ ከተማ ተከተላቸው። ሞክፖ ላይ ፊልም የሚያሳየው ሰውዬ ሳቀበት። «ሌላው ዳይሬክተር ሳንሱር ቆረጠብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ አንተ መቀስህን ይዘህ መጣህ?» ሁሉንም አገኘ፤ ቅጂዎቹ የሚታተሙበትን ዋናውን ኔጋቲቭ ሳይቀር። የቆረጠውን በእናቱ ፊት ምድጃ ውስጥ ከተተው። ነገሩን የሰማው ፕሮዲዩሰር ከበሩ አባረረው፤ ወሬውም ቹንግሙሮን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ በስሙ የወጡት ሁለት ርካሽ ፊልሞች ናቸው። የቀረውን ዕድሜውን በሌሎች ስም ስክሪፕት ሲጽፍ ኖረ። የትኞቹ የእሱ እንደሆኑ ከአጻጻፉ አውቃለሁ፤ ማስረጃ ስለሌለኝ ግን አልመዘገብኳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ክረምት ቴሌቪዥን በጦርነቱ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ማገናኘት ጀመረ። አገሩ ሁሉ የዘመዱን ስምና ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፎ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ወጣ። አያቴም ከጉንሳን መጣች።

«ፊቱን ስጠኝ» አለችው አባቴን።

የሚሰጣት አልነበረውም። ካርቶኑ ላይ ሰው በስክሪፕት እንደሚገለጽ አድርጎ ጻፈው፦ ግንባሩ ሰፊ፣ ሲስቅ አንድ ጉንጩ የሚሰረጉድ፣ ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ዝቅ የሚል።

አነበብኩላት። «ይሄ ማነው?» አለች።

«ቴሁን ነዋ፣ እማዬ» አላት አባቴ።

«ይሄ ፊልምህ ላይ ያየሁት መርከበኛ ነው። የእኔ ልጅ ጉንጩ አይሰረጉድም።»

አባቴ ካርቶኑን ገለበጠው። ወንድሙን ሲያስብ ይመጡበት የነበሩት ፊቶች ሁሉ እሱ ራሱ ካሜራ ፊት ያቆማቸው ሰዎች እንደነበሩ የገባው ያን ጊዜ መሆኑን ነግሮኛል።

አያቴ ሌላ ካርቶን ላይ ስም፣ ዕድሜና አገር ብቻ አስጻፈችኝ። ከዚያ አባቴን እጁን ይዛ ሕዝቡ መሃል አቆመችውና ካርቶኑን ደረቱ ላይ ሰቀለችለት።

«አንተ ትመስለዋለህ። አገጭህን ቀና አድርግ። እሱ ሰው ሲያየው አይስቅም ነበር።»

አባቴ ቆመ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ሰዎች ቀርበው ፊቱን ያያሉ፣ ስሙን ያነባሉ፣ ያልፋሉ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላው ነበርኩ። አንድ የሚያነክስ ሰውዬ ግን አላለፈም። ከቀኝ አየው፣ ከግራ አየው፣ ካርቶኑን ደግሞ አነበበ።

«እማማ፣ ይሄን መልክ አውቀዋለሁ» አለ። «ስሙን አላስታውስም፤ የጉንሳን ልጅ ነበር። እኔ የማውቀው ግን ሞቷል።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ነው» አለችው አያቴ።

አባቴ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ አገጩንም ሳያወርድ፣ «የት ሞተ?» አለ።

አያቴ ክንዱን ያዘችው። «ዝም በል። ፎቶ አይናገርም።»

ሰውዬው እሷን አየ፣ አባቴን አየ፤ ይቅርታ ጠይቆ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። አባቴ እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቆሞ ቀረ።