የአይጥ ልብ ሐኪም

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አምስተርዳም ውስጥ ሥራዬ የአይጥ ልብ ነበር። የልቧን የደም ሥር በክር አስራለሁ፤ ከዚያ ደም የተነፈገው ሥጋ ነርቭ የሚያሳድግ ፕሮቲን ማመንጨቱን እፈትሻለሁ። የልቡን ጭማቂ ከጫጩት ፅንስ በወጡ የነርቭ ሴሎች ላይ አንጠባጥባለሁ። ፕሮቲኑ ካለ ሴሎቹ ዙሪያቸውን ፀጉር የመሰለ ነገር ያበቅላሉ፤ ከሌለ ራሰ በራ ሆነው ይቀራሉ። ቤተሰቦቼ ባሕር ማዶ የላኩኝ ለዚህ ነበር።

ይህንኑ ለአገሬ ሰዎች በትዕግሥት አስረዳሁ። በሚገባ ገባቸውና «የልብ ሐኪም» አሉኝ። ማረም ነበረብኝ፤ ግን እኔ ትራሙ መውረጃዬን አልፎ ሲሄድብኝ እንኳ ድምፅ የማላሰማ ሰው ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከሮተርዳም ስልክ ተደወለ። የአባቴ ወዳጅ የሆኑት፣ ወደብ ላይ የሚሠሩት ጋሼ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል።

«የልብ ሐኪም አይደለሽም እንዴ? ድረሺ እንጂ!» አሉኝ ባለቤታቸው።

በባቡር ደረስኩ። ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። አንድ ወጣት ዶክተር እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝ።

«እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እሱስ? ቤተሰቡስ ደህና ናቸው?»

የዶክተሩ ቤተሰብ ደህና ነበር።

«የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«ኧረ ምንም። ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው።»

የሆላንድ ሰው የነገሩትን ያምናል፤ ደግ ጠባይ ነው። ዶክተሩም ፓራሴታሞል ወስደው ቤታቸው እንዲያርፉ ፈቀደ።

ሚስታቸው እጅጌዬን ጎተቱኝ። «ሲያቃስቱ ነው ያደሩት! ንገሪው!»

«ደህና ነኝ እያሉ፣ እትዬ?»

«ታዲያ በማያውቁት ሰው ፊት ምን ይበሉ?»

ጋሼ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉና መቀጠል አቃታቸው። አሰብኩ፤ ክር ያሰርኩበት ልብ ሁሉ ባለው ፕሮቲን ነርቭ እየጠራ ይጮኻል። ከአይጦቼ መካከል «ትንሽ ብርድ ነው» ያለችኝ አንዲትም አልነበረችም። ጋሼ አሁን ቤታቸው ቢሄዱ ግን ልባቸው እየጮኸ፣ እሳቸው የሰው ደህንነት እየጠየቁ ሊሞቱ ነው፤ ያውም በእኔ ትክክለኛ ትርጉም።

ወለሉን እያየሁ በሆላንድኛ ተናገርኩ። «ደህና አይደሉም። ሲያቃስቱ አድረዋል። ላቡን ይመልከቱ፤ ጫማቸውን እንኳ ማሰር አልቻሉም።»

የጋሼ የወደብ ሆላንድኛ ይህን ለመረዳት ይበቃል። «አንቺ ልጅ! መቼ እንዲህ አልኩ?»

«አላሉም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን አለ?»

ዶክተሩ ግን የልብ መመርመሪያውን ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አይቶ ፓራሴታሞሉን ዳግመኛ አላነሳውም። ጋሼን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወሰዷቸው።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፏል፤ መልካቸው ግን ተመልሷል። ያው ዶክተር ገባ።

«ዛሬስ እንዴት ነዎት?»

ጋሼ «እግዚአብሔር...» ብለው ጀመሩና ወደ እኔ ዞረው ገላመጡኝ።

«እሷን ጠይቃት» አሉት በሆላንድኛ። «የኔን ሕመም የምታውቀው እሷ ናት።»