ዝም ብለው የተቀመጡልኝ ሰዎች

ቤት ስነድፍ እጄ አይንቀጠቀጥም። ሚዛን ከተማ፣ በፕላን ክፍል ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ግድግዳ፣ በር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የጎርፍ መውረጃ ቢሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። ሰው ግን አይሆንልኝም። የሣልኩት ሰው ሁሉ ወይ ጆሮው ትከሻው ላይ ያርፋል፣ ወይ የተጣላሁትን ዘመዴን ይመስላል። አንዴ እናቴን ሥዬ ባሳያት፣ «ጎሽ ልጄ፤ ማናቸው እኚህ ሰውዬ?» አለችኝ።

ይህን የሚያውቅ ወዳጄ ሥዕል የሚሞክሩ ሰዎች ከተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ አስገባኝ። «ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ፊት» የሚል ቻሌንጅ ሊጀምሩ ነበር። በየቀኑ አንድ ሰው ትሥላለህ፤ ከፎቶ መገልበጥ ክልክል ነው፤ ሰውዬውን ፊት ለፊት እያየህ ሠርተህ ትለጥፋለህ። አስተባባሪዋ አዲስ አበባ ያለች ቅን ሴት ነች። «አትፍሩ፤ ሰው ሲሣል ደስ ይለዋል» ብላ ጻፈችልን። መለኪያውንም በቪዲዮ አሳየችን። ክንድህን ትዘረጋለህ፣ አንድ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ አውራ ጣትህን እርሳሱ ላይ እያንሸራተትህ የሰውዬውን አፍንጫ ከግንባሩ ጋር ታስተያያለህ።

ከሥራ ስወጣ ደብተሬን ይዤ ከተማ ውስጥ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራዬ እንደ ወትሮው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩን የተቀቀለ ድንች አስመስዬው መጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተአምር አየሁ። ሰዉ ዝም ብሎ ይቀመጥልኛል! ክንዴን ስዘረጋ የልብስ ሰፊው እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ ይቆማል። አንድ ቦታ ረግቶ የማያውቀው የባጃጅ ሹፌር እንኳ እንደ ወታደር ቀጥ አለልኝ። ሙዝ ሻጩማ ሥዬው ስነሣ አንድ እጅ ሙዝ በላስቲክ አድርጎ በግድ አስያዘኝ። ልቤ አበጠ። የዚያን ቀን ግሩፑ ላይ፣ የአገሬ ሰው ለጥበብ ያለው አክብሮት እጅግ እንደሚደንቀኝ ጻፍኩ። ሙዙም ጣፋጭ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተራው የሻይ ሻጯ ሆነ። ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ፣ አራት እንጨት ተክላ ሸራ ወጥራ፣ ሻይና የተቀቀለ ጎደሬ ትሸጣለች። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ጥግ ነው፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ሻዬን የምጠጣው እዚያው ነው። አፏ አያርፍም፤ በቤንችኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ መሐሉን በሳቅ ትሞላዋለች። ያን ዕለት ግን እርሳሴን ከፍ ሳደርግ ፀጥ አለች። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች እጄን ብቻ ታያለች። እኔም ዕድሌን ሳላባክን ሣልኳት።

እሷን ራሷን ቁጭ አደረግኋት! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሣልኩት ሰው ያንኑ ሰው መሰለ። ግሩፑ ተንጫጫ። «ዓይኗ ይናገራል» አለ አንዱ። አስተባባሪዋ፣ «በቃ፣ የራስህን ስታይል አግኝተሃል» አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ብሄድ ሻይ ሻጯ የለችም። ሸራው የለም፣ አግዳሚው የለም፤ እንጨቶቹ ተነቅለው አራቱ ጉድጓዶች ዝናብ ጠጥተዋል። ከዚያ በፊት የሣልኩትን የባጃጅ ሹፌር የት ሄደች ብዬ ጠየቅሁት።

«አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ፣ ኢንጂነር?» አለ። እዚህ ሜትር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። «ለክተህ፣ ጽፈህ ሄድክ። ተነሺ ሳይሏት ተነሣች፤ እኛም ተራችንን እየጠበቅን ነው።»

«ምን ለካሁ?»

ክንዱን ዘረጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ አውራ ጣቱን አነሣብኝ።

ክው አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለመንገድ የሚነሣ ቦታ ስለካ ያዩኝ ሰዎች ዛሬ አፍንጫ እለካለሁ ብለው ከየት ያስቡ? ደብተሬን ገለጥኩ። ልብስ ሰፊው፣ ሹፌሩ፣ ሙዝ ሻጩ፣ የሁሉም ዓይን አንድ ዓይነት ነበር። ስታይልህን አገኘህ የተባልኩት ለዚያ ነው። አፈርኩ፤ ያቺን ሙዝ በማሰብ ብቻ እንኳ አፈርኩ።

ሻይ ሻጯን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማያልፍበት ጭቃ ላይ አገኘኋት። ሻዩ ፈልቶ ጠጪ የለም።

«ከዚያ ተነሥቻለሁ» አለችኝ ገና አፌን ሳልከፍት። «ደግሞ ይሄንን ልትለካ መጣህ?»

«ፊትሽን ነው የሣልኩት።»

«ፊቴ ምን አደረገ?»

ደብተሩን ሰጠኋት። ብዙ አየችው። «ይቺ ሴትዮ ምን አይታ ነው እንዲህ የፈራችው?» አለች፤ ከዚያ ራሷ መልሱን አግኝታ ደብተሩን ዘጋችው። መንገድ እንደማይወጣ፣ ቦታዋን ማንም እንዳልጠየቀ ማልኩላት። ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ አለችኝ። አፍንጫ ለመሣሌ ማን ማኅተም ይመታልኛል?

«እንግዲያው እንጨቱን አንተ ተሸከም» አለች። «ሰዉ ይይህ።»

በቢሮ ጃኬቴ፣ በዝናብ፣ አራቱን እንጨት ተሸክሜ በዋናው መንገድ መጣሁ። የሣልኳቸው ሁሉ ከየደጃቸው ወጥተው አዩኝ። እኔም «አፍንጫ ነው! የለካሁት አፍንጫ ነው!» እያልኩ አልፋለሁ። ሙዝ ሻጩ፣ «ታዲያ ሙዜስ?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተከተለኝ።

እንጨቶቹን መልሼ ተከልኩ፤ እሷ ሸራዋን ወጠረች፣ እሳቷን አያያዘች። «በል፣ አሁን ሣለኝ» አለች። ግን መች ትቀመጣለች! ትዞራለች፣ ሹፌሩን ትሰድባለች፣ ትስቃለች። አፏን ስከተል አፍንጫዋ ያመልጠኛል። ግሩፑ፣ «ምነው፣ ወደ ኋላ ተመለስክ?» ያለኝ ሥዕል ይሄ ነው። እሷ ግን ስታየው እስክታነባ ሳቀች። «ይቺስ እኔ ነኝ» ብላ አጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሥዕሏን ጠየቀችኝ። ምርጥ ሥራዬ ነውና እጄ ዘገየ። ራሷ ከደብተሩ ገነጠለችውና ከማንቆርቆሪያው ሥር እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። ሻዩ ሲፈላ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ቀዳች፤ ስትሰጠኝም ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።