የዘገየው «ደህና ነኝ»

ሰፈሩ ሁሉ «ጡሩምባ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እሷና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ዕድሜውን የጨረሰው መናኸሪያ ውስጥ እየተጣራ ነው። የትኛው አውቶብስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ ሞልቶ የቱ እንዳልሞላ፣ የቱ ሾፌር ሞተር እንዳስነሳ፣ ከዚህ በር እስከዚያ በር ያለ ማይክራፎን ያሰማ ነበር። ተሳፋሪ ገና ቤቱ ቁርስ እየበላ ሰምቶት ነው የሚሮጠው እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቀልዱን ይወደው ነበር። እንግዲህ በሽታ እንዲህ ያለውን ሰው መርጦ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ጉሮሮው ላይ ያዘው።

ሐኪሞቹ አላድበሰበሱበትም። ወይ ድምፅህ ወይ ነፍስህ አሉት። ነፍሱን መረጠ፤ ማን ይፈርድበታል። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተበጀለት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን በስስ ሻርፕ ይሸፍነዋል። ሥራውም ወደ መናኸሪያው ዕቃ ማስቀመጫ ተዛወረ፤ ሻንጣ አያናግርም፣ መልስም አይጠብቅ። ደስ ብሎት ይሠራል ብል ዋሸሁ። ግን ይሠራል።

ጭንቀቱ ታዲያ ይሄ አይደለም። ጭንቀቱ እናቱ ናት። እናቱ አውቶብስ ቀኑን ሙሉ በሚጓዝበት ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው። እግሯ ደክሟል፤ ስልኳም ድምፅ ብቻ የሚያመጣ፣ ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ ስልክ ነው። ባሏን፣ የጡሩምባን አባት ማለት ነው፣ የቀበረችው በዚሁ በጉሮሮ በሽታ ነው። ስለዚህ ጡሩምባ ኦፕራሲዮን ሊሆን ሲል ሚስቱን «ይሄን ለእማዬ ብንነግራት ከኔ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት» አላት። ሚስቱም ልክ ነህ አለች። እኔ ብሆን ልክ ነህ አልልም ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

ዘዴው የሚስቱ ነው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ፣ እህቷ አዲስ ስትገዛ የሰጠቻትን አሮጌ ታብሌት አወጣችና ባሏን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። «በል ተናገር፣ ለእማማ በስልክ የምትላትን ሁሉ» አለችው። ተናገረ። «እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» «ደህና ነኝ።» «አሁን ነው በልቼ የተነሳሁት።» «ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ እመጣለሁ።» «ተይ እንጂ እማዬ» የሚለውን አንዴ በለሰለሰ፣ አንዴ በቆጣ ቃና አለው። ሳቁን እንኳ አስቀረጸ፣ አጭሩንም ረጅሙንም። ሚስቱ ያልጣማትን ድገመው እያለች ስታስደግመው አመሸች። በማግስቱ ያ ድምፅ ተቆርጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ረፋዱ ላይ፣ ሚስቱ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። እናት ታወራለች፤ ጡሩምባ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተገቢውን መልስ በጣቱ ይነካል። ሰለጠነበት። እናት «ከሳህ ይሉኛል» ካለች «ተይ እንጂ እማዬ»፤ ስለ ጉልበቷ ካማረረች «አይዞሽ»። ስልኩ ሲዘጋ ሸሚዙ በላብ ርሶ ይገኛል። ቢሆንም እናት ደህና ነበረች፤ እሱም ልጅ ነበር።

እንዲህ እያለ ሲሄድ አንድ ቀን ታብሌቱ «አዲስ አፕዴት አለ፣ ይጫን?» ብሎ ጠየቀ። ጡሩምባ «እሺ»ን ነካ። የጠየቁትን እሺ ማለት ድሮም ጠባዩ ነው። ሲጭን ዋለ፣ ጠፍቶ በራ፣ አጊጦ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ጣት ባረፈበት ቁጥር መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

ጉዱ የፈላው በዚያው እሁድ ነው። እናት «በላህ?» አለች። ጡሩምባ «አሁን ነው በልቼ የተነሳሁት» የሚለውን ነካ። ክቧ መዞር ጀመረች። እናት ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ምነው ዝም አልክ? ምግብ ጠፋ እንዴ?» ብላ ቀለደች። ቀልድ ነውና ረጅሙን ሳቅ ነካ። እሱም አልመጣ። እናት ዝምታው ሲረዝምባት ወሬ ቀየረች፤ «የጎረቤቴ ባል አረፈ እኮ፣ ትናንት ቀበርነው» አለች። ታብሌቱ የያዘውን ሁሉ የለቀቀው ልክ ያን ጊዜ ነው። «አሁን ነው በልቼ የተነሳሁት» አለ፣ ከዚያም ሳቀ። ያ ረጅም ሳቅ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ የሚያስቆመው አልተገኘም።

እናት «እሺ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሳምንቱ ለጡሩምባ እህል የማይወርድበት ሆነ። እናቴ ምን አሰበች፣ ነቅታብኝ ይሆን፣ ደንግጣ ወድቃ ቢሆንስ እያለ፣ የሰው ሻንጣ ለሌላ ሰው እስከማስረከብ ደረሰ። ሚስቱ ሳምንቱ መሃል ላይ ደወለችላት፤ እናት «ደህና ነኝ፣ እሁድ እናወራለን» ብላ አሳጠረች። ያ ማሳጠሯ ባሰባቸው። ሴትየዋ ስልክ ከያዘች ካርድ ካላለቀ የማትለቅ ናት።

እነሱም ታብሌቱን አጥፍተው አበሩት፤ ለትንሽ ጊዜ ሻል አለውና ተመልሶ ያው ሆነ። ሚስቱ ሙቀት ይሆናል ብላ መስኮት ላይ አናፈሰችው፣ መስታወቱን በአልኮል ወለወለችው። የመናኸሪያው ዘበኛ ደግሞ «ማጽጃ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ቆሻሻውን ጠራርጎ እንደ አዲስ ያደርገዋል» አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው፤ ጫኑት። ማጽጃ የተባለው በየደቂቃው ማስታወቂያ ይረጭ ጀመር፤ ጫማ ግዙ ይላል፣ ክብደት ቀንሱ ይላል። ከድጡ ወደ ማጡ። «ደህና ነኝ» ለመስማት አሁን መጀመሪያ የጫማ ማስታወቂያ መዝጋት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጡሩምባ ታብሌቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ወደ ጥገና ቤት ሄደ። ሚስቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ብቻውን ነው። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሥራው ክፍል። ጠጋኙ መነጽራም፣ ፈጣን ሰው ነው። ጡሩምባ አንገቱን አሳየው፣ የምትዞረዋን ክብ አሳየው። ጠጋኙም «ገባኝ ጋሼ፣ ከአፕዴቱ በኋላ ነው አይደል? ሁሉም በዚሁ ነው የሚመጣው። አረፍ ይበሉ» ብሎ ታብሌቱን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ።

አረፈ። አጠገቡ ተራ የምትጠብቅ ሴት ነበረች፣ ጨዋታ ወዳድ። «አይስጉ አባቴ» አለችው። «ጎበዝ ነው። የኔ እህት ታብሌት እንዲሁ ተንቀራፎ ነበር። ውስጡ ያለውን በሙሉ ድምጥማጡን አጠፋና ባዶ አደረገላት፤ አሁን እንደ ንፋስ ነው።»

ጡሩምባ ተነስቶ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ የጠጋኙ ፉጨት ይሰማል፤ ደስ ብሎት የሚሠራ ሰው ፉጨት። ያ የሚያፏጭ ሰው አሁኑኑ «አጥፋ» የሚለውን ይጫን ይሆናል። አንድ «ቆይ» ነበር የሚያስፈልገው። አውቶብስ ከነጭነቱ በጩኸት ያስቆም የነበረ ሰው ለመጋረጃ የሚሆን ቃል አጣ። አፉን ከፈተ፤ ምንም። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ባንኮኒውን ቀጠቀጠው። ሴትየዋ ደንግጣ ቦርሳዋን አቀፈች። የባንኮኒው መስታወት ሊሰነጠቅ ሲል ጠጋኙ መጋረጃውን ገልጦ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ወጣ። ጡሩምባ ባንኮኒው ላይ ከነበረ ቁራጭ ካርቶን ጀርባ ላይ «ድምፄ ውስጡ ነው» ብሎ ጻፈለት።

ጠጋኙ አነበበ፣ አንገቱን አየ፣ አንዴ ደግሞ አነበበ። «ምንም አላጠፋሁም ጋሼ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ልጠይቅዎት ልወጣ ነበር። ታብሌቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አዲሱ አፕዴት ደግሞ መተንፈሻ ቦታ ይፈልጋል። የሞላው በጣራ ነው።»

ጣራ? ከፍቶ አሳየው። የሚስቱ ነገር ሆኖ፣ ታብሌት ላይ የምታውቀው ካሜራውን ብቻ ነው። ድምፅ ለብቻው እንደሚቀዳ የነገራት ስለሌለ፣ ያን ቀን እያንዳንዷን ቃል በፊልም ነው የቀረጸቻት፤ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ጣራውን እየቀረጸች። አንዲት «አይዞሽ» ከነጣራዋ፣ ከነአምፖሏ። ያልጣማትንና ያስደገመችውንም ሁሉ አንዱን አልሰረዘችም። የባሏ ድምፅ ነውና እንዴት ትሰርዝ።

ጠጋኙ አልሳቀም። ድምፁን ከፊልሙ እየለየ አወጣ፤ ድምፅ ብቻውን ሲሆን ቦታ አይፈጅም። ፊልሞቹንም ሳይጥል ትንሽ የሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀመጣቸውና ጡሩምባን በዓይኑ አስቆጠረው። ያን ማጽጃ ተብዬ ነቅሎ ጣለ፤ ከበስተኋላ ዝም ብለው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች አስቆመ፤ አፕዴቱ ያመጣውን ጌጣጌጥና የሚወዛወዝ ነገር ዘጋ፤ አጥፍቶ አበራው። «ይሞክሩት» አለ። ጡሩምባ ጣቱን አሳረፈ። ጣቱ ሳይነሳ «ደህና ነኝ» አለ ታብሌቱ። ተራ የምትጠብቀው ሴት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ዓይኗ እንዳይታይባት ነው።

እሁድ ረፋድ ባልና ሚስት እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ጡሩምባ ሌሊቱን አልተኛም፤ ቢሆንም ታብሌቱን ሲያየው ልቡ ትንሽ ይመለስለታል። ስልኩ ተነሳ። ጡሩምባ ቀደማት። «እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ ሳይንገራገጭ። «ደህና ነኝ» ሲል ቀጠለ። ሚስቱ በጠረጴዛው ስር ጉልበቱን ጫን አደረገችው።

እናት እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ «አንቺ፣ የልጄ ሚስት» አለች። «እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። በቃ፣ አሁን ዝጊው።»

ሚስቱ «ምኑን እማማ?» አለች።

«‹ደህና ነኝ› ባለ ቁጥር እናንተ ቤት ያው ባልዲ፣ በዚያው ድምፅ ይወድቃል» አለች እናት። «መጀመሪያ ይሄ ቤት ባልዲ የሚሰቅልበት አጣ እንዴ ብዬ ስቄ ነበር። ኋላ ግን ሳቄ ሄደ። ራዲዮም እንደዚሁ ነው፣ ያወራሻል እንጂ አይሰማሽም። ባለፈው የሰው ሞት ነገርኩት፣ ሳቀ። የኔ ልጅ በሬሳ አይስቅም። ሳምንቱን ሙሉ በሬን ዘግቼ አልቅሼለታለሁ። አንቺን አልቆጣም፣ እኔን እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። መቼ እንደቀበራችሁት ብቻ ንገሪኝ።»

«እማማ፣ አለ! እዚሁ አጠገቤ ነው፣ በእግዜር።»

«ይናገራ።»

ጡሩምባ ታብሌቱን አየ። ቃላቱ ተደርድረው፣ አንዱ ከአንዱ ፈጥነው፣ ይጠብቁታል። በደመ ነፍስ አንዱን ነካ። «ተይ እንጂ እማዬ» አለ ታብሌቱ፣ ወዲያው።

«ይኸው፣ እሱን እኮ ነው የምልሽ» ብላ እናቱ ማልቀስ ጀመረች።

ታብሌቱን ወንበር ላይ ጣለው። ሻርፑን ከአንገቱ ሳበና ስልኩን አንስቶ ቀዳዳው ላይ አስጠጋው። ይሄን ድምፅ ለሰው አሰምቶ አያውቅም፤ ሚስቱ እንኳ እንዳትሰማው ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ውሃ ጠፍቶ ከርሞ ሊመጣ ሲል ቧንቧው የሚያሰማውን ይመስላል። ተነፈሰ። አየሩ ተንፏቀቀ፣ ተንኮራኮረ፣ መጨረሻው ላይ ሳል ሆነ።

ልቅሶው ቆመ። «ማነው?» አለች እናት።

እንደገና ተነፈሰ። ሚስቱ «እሱ ነው እማማ፣ ድምፁን ነው የወሰዱበት፣ እሱን አልወሰዱትም» አለች።

«አንተ ቀጣፊ» አለች እናት። «አንተ ቀጣፊ፣ ቀብሬህ ነበር እኮ። ደግመህ ተንፍስ እስቲ።»

ደገመላት። አሁንም ደግመው አለችው፤ እስኪበቃት ድረስ ተነፈሰላት።