ነጭ የለበሱ ሁለት ሴቶች

በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ፣ አንዲት የስሪላንካ ሴት ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ማዳም እላቸዋለሁ። ማለዳ ማለዳ ከግቢው አበባ ቀጥፈው ሳሎን ካለች ትንሽ የቡድሃ ምስል ፊት ያስቀምጡና ያነበንባሉ። ምን እንደሚሉ ብጠይቃቸው፣ ፍጥረት ሁሉ ደህና ይሁን ነው የምለው አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ጎረቤቴንም ይጨምራል ወይ አልኳቸው። የጎረቤቴ ልጅ አብዮት ጠባቂ ነበር። ወንድሜ በቀይ ሽብር ተገድሎ በድብቅ ስናለቅስ እናትየዋ ብቅ እንኳ አላለችም። አምስት ዓመት ሙሉ ቂሜን ይዤ ኖርኩ።

ማዳም ከሁሉ የሚወዱት ከሁለት ቤት በላይ ያለችውን የአስተማሪ ሚስት ነበር። ያገራቸው ልጅ ናት፤ ግን በዘር እሳቸው ሲንሃላ፣ እሷ ታሚል። አንድ ሐምሌ አገራቸው ላይ ሲንሃላዎች ተነስተው የታሚሎችን ቤትና ሱቅ አቃጠሉ። የአስተማሪው ሚስት ወንድም ሱቁ ውስጥ ሞተ። ማዳም ይህን የሰሙ ዕለት እህል አልቀመሱም።

“ያቃጠሉትም ጠዋት ጠዋት ይህንኑ ጸሎት ይላሉ” አሉኝ።

ለቅሶ ልድረሳት ይላሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። በሩን ትዘጋብኛለች ብለው ፈሩ። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ብዙ አይወራም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው ብዬ ገፋፋኋቸው።

በማግስቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰው ወጡ። ደሜ ፈላ። ሰርግ ነው እንዴ የሚሄዱት ብዬ ጥቁር ነጠላዬን ላለብሳቸው ታገልኩ። እምቢ አሉ። ዝናቡ እያካፋብን ጭቃውን እየረገጥን ሄድን፤ እኔ በሃፍረት ከኋላ።

የአስተማሪው ሚስት ራሷ ከፈተች። እሷም ነጭ ለብሳለች። ለካ የነሱ የሐዘን ልብስ ነጭ ኖሯል! በሩን እንደያዘች ማዳምን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ገለል ብላ አስገባቻቸው። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉድ እኮ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ደጇ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩና ጎመኑን አብሬ መቀንጠስ ጀመርኩ።

“ያኔ በሩን ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው ያልመጣሁት” አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዘጋባት ነበር።