የሁለቱ ሲስተሞች ዳጉ

ሰመራ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ባልደረባዬ ጌታቸው ኡቡንቱ ካልተጫነበት ኮምፒውተር አይነካም፤ ሌላው ባልደረባዬ፣ የኮምቦልቻው ሰዒድ፣ ደግሞ ከፌዶራ ሌላ ሁሉ ሐራም ይመስለዋል። ሁለቱም ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሱ፣ በነጻ የሚገኙ ሲስተሞች ናቸው እኮ! በዚህ ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ወራት አለፉ። እኔም እልህ ይዞኝ ሲስተሞቹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቀላቅዬ አንድ አደረግኋቸውና «ኑ እዩልኝ» ብዬ ጠራኋቸው።

ኮምፒውተሩን ስከፍት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ አላቆመም። የሰመራ ሙቀት አልበቃ ብሎ ኀፍረት አላበኝ።

«ተበላሽቷል፤ አጥፋው!» አሉ ሁለቱም።

ላጠፋው እጄን ስሰድ ጥበቃችን አቶ ሐመዱ ያዙኝ። «ምን እየሠራ ነው?»

«የማይተዋወቁ ሲስተሞች አገናኝቼ ነው።»

«ታዲያ ዳጉ ላይ ናቸዋ! አፋር ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም። ዳጉ አይቋረጥም፤ ተቀመጡ!»

ሽማግሌ እምቢ አይባል፣ ተቀመጥን። ጌታቸው ወደ ሰዒድ ዞሮ «እናትህ ተሻላቸው?» አለ። ሰዒድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጀመረ፤ ከእናቱ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ሚሌ መንገድ፣ ከዚያ ሣቅ በሣቅ ሆንን።

አቶ ሐመዱ በዱላቸው ስክሪኑን አሳዩን። ሲስተሙ ተከፍቷል።

«እነሱ ከጨረሱ ቆዩ» አሉ። «ያልጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ።»